የኤዋልድ ፊርማ

ሲቸግርህ የምትፈርመውን ወረቀት ታነባለህ? አትዋሸኝ። አታነብም። ቸኩለሃል፣ ሰው ከኋላህ ተሰልፏል፣ እስክሪብቶው እጅህ ላይ ነው፤ ጣት «እዚህ ጋ» ሲልህ እዚያ ጋ ትፈርማለህ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርመንኛ ያስተማርኩ፣ ለአንዲት የሰዋስው ስህተት ልጅ ሳስለቅስ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኔም አላነብም ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ተናድጄ ነው።

ታናሽ እህቴ ዳኑታ ነርስ ናት። የምትሠራው ግን ሆስፒታል ውስጥ አይደለም፤ ሐኪም «ከእንግዲህ ቤታቸው ውሰዷቸው» ያላቸውን ሰዎች በየመንደሩ እየዞረች ታስታምማለች። አሥራ አንድ መንደር፣ በቀን መቶ ሃያ ኪሎሜትር፣ ክረምት ከበጋ። አሮጌ መኪናዋ ባለፈው ሳምንት በድንች ማሳዎች መሃል ቆማ ቀረች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ከደነው፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ። አለቃዋ ደግሞ በስልክ ቁርጡን ነገረቻት፦ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በራስሽ መኪና ካልመጣሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ።

አውቶቡስ አለ እንዳትሉኝ። እኛ ጋ አውቶቡስ በቀን ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፈው፤ ሁለተኛውም ሾፌሩ ደስ ካለው ነው። መስመሩን የሰረዙት ሰዎች «ሕዝቡ የራሱ መኪና አለው» ብለው ጽፈዋል። ሕዝቡ መኪናውን ከማን፣ በምን ወረቀት እንደሚገዛ ግን ማንም አልጻፈም።

ስለዚህ በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ሰኞ ሊነጋ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዳኑታና እኔ በሰማያዊዋ መኪናዬ ከፖዝናን ከተማ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርን። በዚያ መንገድ መኪና የማይሸጥበት ግቢ ቢኖር የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ቁጠባዋ በፖስታ ታሽጎ ካፖርቷ ውስጥ ነው፤ ደረቷን በእጇ ደግፋ ነው የምትሄደው። የምንፈልገውም የታወቀ ነው፦ ናፍጣ፣ ከኋላ ወደ ላይ የሚከፈት ሰፊ በር ያላት፣ የኦክስጂን ሲሊንደር የምትውጥ፣ በብርድ ጠዋት የማታሳፍር።

ሰቨሪን የሚባለው መኪና ሻጭ ግቢው በር ላይ ቋሊማ ይጠብስ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገዢ ቋሊማ በነፃ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጁ ሙቅ የሆነ ሰው ነው።

«እመቤቴ፣ በስልክ የነገርኩዎት ግራጫዋ ያቻትና። እንዳሉኝ ከትናንት ጀምሮ ቁልፏን አልነካሁም። ጀርመኑ እያለቀሰ ነው የሸጣት።»

«ሁሉም ጀርመን ያለቅሳል» አልኩት። «እዚህ መንገድ ላይ ሳያለቅስ የሸጠ ጀርመን አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ወንድምዎ ነው? የትምህርት ቤት ሽታ አለው።» ለእኔም አንድ ቋሊማ በሹካ ዘረጋልኝ። «ይብሉ መምህር፤ በባዶ ሆድ ሰው ይጠረጥራል።»

አልበላሁም። ኮፈኑን በመዳፌ ዳሰስኩት። ናፍጣ ሞተርን ሻጭ አስቀድሞ ካሞቀው ሕመሙን ደብቆታል ማለት ነው። ኮፈኑ እንደ መቃብር ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ዳኑታ ገባችና ቁልፉን አዞረች። በመጀመሪያው ተነሳች። ጥቁር ጭስ የለ፣ ነጭ ጭስ የለ፣ እንደ ድመት ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ብቻ። ልቤ ደስ ሊለው ሲል ከለከልኩት።

ከዚያ የቀለም መለኪያዬን አወጣሁ። እኛ አገር ወንድ ልጅ መኪና ሊገዛ ሲሄድ ሱሪውን ይረሳል እንጂ መለኪያውን አይረሳም። መዳፍ የምታህል ነገር ናት፤ ቆርቆሮው ላይ ስታስጠጋት የቀለሙን ውፍረት በቁጥር ትነግርሃለች፣ የተጋጨና በድጋሚ የተቀባ ካለ ታጋልጠዋለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ለካሁ። አራቱን ፓራፋንጎ፣ በሮቹን፣ ጣሪያውን፣ ከበሩ ሥር ያለውን ጠርዝ። በብርዱ ጣቶቼ ደነዘዙ።

«መምህር» አለ ሰቨሪን ቋሊማውን እያገላበጠ፣ «ሲጨርሱ የቤቴንም ግድግዳ ይለኩልኝ፤ ቀለም ቀቢው ሳያታልለኝ አልቀረም።»

ከሌላ መኪና አጠገብ የቆሙት ሳቁ። ሰዉ እየበዛ ነበር፤ ወደ ሠላሳ ይሆናል። ከመሃላቸው አንድ ባልና ሚስት ግራጫዋን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይከተሏታል። ባልየው ቀይ ቆብ ያደረገ ረጅም ሰው ነው። የዚህም እጅ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

«እመቤቴ፣ አላስቸኩልዎትም» አለ ሰቨሪን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን እነዚያ ሰዎች ሁለት ጊዜ ጠይቀውኛል።»

ዳኑታ አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለን ወንዙ ላይ ያለውን በረዶ ከመርገጧ በፊት እንዲሁ ታየኝ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል» አልኳት። «የአገልግሎት ደብተሩ። ኪሎሜትሩን ወደ ኋላ ካዞሩት ደብተሩ ይናገራል።»

«ቪቶልድ፣ ሰዎቹ ይወስዱብኛል።»

«አሥር ደቂቃ።»

«አምስት» አለችና ከሰቨሪን ጋር ቢሮ ወደሚላት ኮንቴይነር ገባች።

ደብተሩን ይዤ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ። ማኅተሞቹ ሁሉ የአንድ ጋራዥ ናቸው፤ በጀርመን ምዕራብ፣ ካርታ ላይ በመነጽር የሚፈለግ መንደር። ስልክ ቁጥር አለበት። ቅዳሜ ማን ያነሳል ብዬ ደወልኩ። አንድ ሽማግሌ በሁለተኛው ጥሪ አነሱ። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደምደውል፣ የሰሌዳ ቁጥሯን ነገርኳቸው።

«ግራጫዋ? የኤዋልድ ቴገለር ናት እኮ!» አሉ፤ ድምፃቸው ሞቀ። «ፋብሪካው በየሠላሳ ሺህ ዘይት ቀይሩ ይላል፣ እሱ በየአሥር ሺህ ይመጣብኝ ነበር። ኧረ ገንዘብህን አታባክን ብለው አይሰማም። ስንት ሆናለች?»

«መቶ ሃምሳ አንድ ሺህ ይላል።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «እኔ ጋ መጨረሻ ስትመጣ መቶ አርባ ዘጠኝ ነበረች። ልክ ነው። ስማኝ ልጄ፣ በጋራዤ በር ከገቡት ሁሉ እንደሷ የተያዘች አላየሁም። ግዛት።»

እውነተኛ መኪና! በዚህ መንገድ ላይ! ወደ ኮንቴይነሩ ሮጬ ልሄድ ብዬ፣ ለጨዋነት ያህል ብቻ፣ «ለአቶ ኤዋልድ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ሲያጥፉ ሰማሁ።

«ኤዋልድን መጋቢት ላይ ቀብረነዋል» አሉ። «አልነገሩህም? መኪናዋን በመስከረም መበለቲቱ ናት ለነጋዴ የሰጠቻት።»

አመስግኜ ዘጋሁ። ኮንቴይነሩ ሃያ እርምጃ ነው የሚርቀው። ያን ሃያ እርምጃ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ውስጡ ሞቃት ነው። ማሞቂያ፣ በብርጭቆ ሻይ፣ ግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል። ዳኑታ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ የራሷን ስም ጽፋ የአባቷን ስም ጀምራለች። ወረቀቱ በሁለት ቋንቋ የታተመ ነው፣ ግራው ጀርመንኛ፣ ቀኙ የእኛ። ሻጭ፦ ኤዋልድ ቴገለር። ቀን፦ ያለፈው ማክሰኞ። ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም ያማረ፣ የተጠማዘዘ ፊርማ።

«ዳኑታ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪ።»

«ምን ሆነ? ኪሎሜትሩ ተነካክቷል?»

«ኪሎሜትሩ እውነት ነው። ሞተሩ እውነት ነው። ዘይቱ፣ ቀለሙ፣ ሁሉ ነገር እውነት ነው።» ጣቴን ፊርማው ላይ አሳረፍኩ። «የፈረመው ሰውዬ ነው የሞተው። መጋቢት ላይ። ማክሰኞ ዕለት ከመቃብር ተነስቶ ፈርሞልሽ ተመልሶ ገብቷል።»

እዚህ ላይ ላቁም። የእኛ አገር ልጅ ከሆንክ ይህ ወረቀት ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ «አላውቅም» ካልከኝ ፊትህ ላይ እስቃለሁ። መኪናዋን ድንበር ተሻግሮ ያመጣት፣ ያጠባት፣ ያስማማህ፣ ገንዘብህን ቆጥሮ ኪሱ የሚከተው ሰቨሪን ነው። ውሉ ላይ ግን ሰቨሪን የሚባል ሰው የለም። የምትዋዋለው አይተኸው ከማታውቅ ጀርመን ጋር ነው። እሱ «ቀድሞ ፈርሟል»፤ አንተ ከሥሩ ትፈርማለህ። ሞተሩ ነገ ቢፈነዳ ማንን ትከሳለህ? ጀርመኑን። ሰቨሪንስ? ሰቨሪን ሻይ ያፈላልህ ሰው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የቀለሙን ውፍረት በፀጉር ስንጣቂ የሚለካ ሕዝብ፣ የሻጩን ስም ለማየት አንድ ዓይን አይገልጥም። ይህን ስህተት የሚሠራ ሌላ ሕዝብ ካለ አሳዩኝ።

ሰቨሪን አልደነገጠም። ይህ ነው ደሜን ያፈላው። ሻዩን ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እሺ ሞቷል። ነፍሱን ይማር። መኪናዋ ግን በሕይወት አለች። እመቤቴ የሚነዱት የትኛውን ነው?»

«ይህ ወንጀል ነው!»

«ይህ ወረቀት ነው መምህር። መሥሪያ ቤቱ ማኅተም ይመታበታል፣ ሊብሬ ይሰጣችኋል፣ ሰኞ ትሠራለች። አርባ መኪና እዚህ ቆሟል፣ አርባ ወረቀት አለ። አንድም ቀን አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ ጀርመኑ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀኝም።»

«ስለማያውቁ ነው!»

«ስለማያውቁ?» ተነሳ። አሁን ሳቁ ጠፍቶ «እርስዎ» ማለቱንም ረስቶታል። «አንተ በምን መጣህ? በር ላይ ያቆምካት ሰማያዊ፣ ማን ሸጠልህ? ስሙን ንገረኛ!»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉም አንድ በአንድ ትዝ አለኝ፦ ግቢው፣ ዝናቡ፣ ገንዘቡን የቆጠረው የከሳ ሰው። ውሉ ላይ ያለው ስም ግን «ዩርገን» የሚል ነበር። ዩርገን ማን ነው? ነበረስ?

«አየህ?» አለ ሰቨሪን። «ስሜን ልጽፍ እችላለሁ። ስሜን ከጻፍኩ ግብር አለ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና አለ፣ ቢበላሽ መመለስ አለ። ሦስት ሺህ ዝሎቲ ይጨምራል። እናንተ ደግሞ ጎረቤት ግቢ በሦስት ሺህ የረከሰ አለ ብላችሁ ጥላችሁኝ ትሄዳላችሁ። ሙቱን የምታስፈርሙት እናንተ ናችሁ። እኔ እስክሪብቶ ነው የማቀብለው።»

በየጋዜጣው ስጽፍ የምኖር፣ ለከንቲባ ሦስት ገጽ ስድብ በአንድ ትንፋሽ የማወርድ ሰው፣ እዚያ ቆሜ በአንድ ደላላ ተረታሁ።

በሩ ተንኳኳ። ቀይ ቆብ ያደረገው ሰውዬ አንገቱን አስገባ፣ ሚስቱ ከኋላው ቆማለች።

«አለቃ፣ ይቅርታ። ሴትየዋ ካልወሰደች እኛ አለን። ሙሉውን በእጅ።»

«ሰማችሁ?» አለ ሰቨሪን። ወደ ዳኑታ ሲዞር ድምፁ ተመልሶ ማር ሆነ። «እመቤቴ፣ እርስዎ ይወስኑ። የወንድምዎን ቁጣ ጭነው ሕመምተኛ ቤት አይደርሱም።»

ዳኑታ ወረቀቱን ታያለች። ግማሽ የተጻፈውን የአባታችንን ስም ታያለች። ሰኞ እስኪነጋ የቀረው ሰዓት ፊቷ ላይ ሲቆጠር አየሁት። እንዳትፈርም ፈለግሁ፤ እንድትፈርምም ፈለግሁ። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፣ ግን እንደዚያ ነበር። ጆሮዬ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ «ግዛት» ይላል። በአገሩ ካሉ ግቢዎች ሁሉ ሐቀኛዋ መኪና እዚህ ቆማለች፣ በሐሰተኛ ወረቀት ታንቃ።

«አቶ ሰቨሪን» አለች በመጨረሻ፤ በሽተኛ አጠገብ የምትናገርበት ዝግ ያለ ድምፅ ነው። «እኔ ከአራት መቶ በላይ ሰው ዓይን በእጄ ከድኛለሁ። እጃቸውንም አጣጥፌያለሁ። አንዳቸውም ከስምንት ወር በኋላ ምንም አልፈረሙም።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መኪናዋን እፈልጋታለሁ። እርስዎ ካሰቡት በላይ እፈልጋታለሁ። ሦስቱን ሺህ እጨምራለሁ።»

«ከየት አምጥተሽ?» አልኳት ሳላስበው።

«ካንተ» አለችኝ ሳትዞር። «አቶ ሰቨሪን፣ ሦስት ሺህ እጨምራለሁ፤ የኤዋልድን ስም ይሰርዙና የራስዎን ይጻፉ። ያኔ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

እምቢታው በገንዘብ የሚፈታ መስሎኝ ነበር። ሰቨሪን ግን ወደ በሩ አየ፤ ቀይ ቆቡ፣ ከሱ ጀርባ የሚስቱ ፊት፣ ከሷም ጀርባ ሌሎች ሁለት የተጠጉ ሰዎች። ግንባሩ ላይ ላብ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው።

«አልችልም» አለ በሹክሹክታ። «ለአንድ ሰው ከጻፍኩ አርባው ሁሉ ጻፍልን ይለኛል። ይልቅ ሁለት ሺህ ልቀንስልዎት። ለእርስዎ ብቻ። በሩን ዝጉትና እንነጋገር።»

ሁለት ሺህ መጨመር ሳይሆን መቀነስ! ዋጋው አልነበረም ነገሩ። ስሙ ነበር። ሰውዬው የፈራው ስሙን ነው።

«በሩን አትዝጉ» አለች ዳኑታ።

«ሴትዮ» አለ ቀይ ቆቡ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ወይ ግዢ ወይ ቦታ ልቀቂ። የሁላችንም ወረቀት እንደዚያው ነው። ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ሻጩ ሞቷል። አንተ ትፈርማለህ?»

«እኔ…» ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወረቀቱን አየች። «መኪናዋ ጥሩ ናት አይደል?»

«ጥሩ ናት» አለች ዳኑታ። «አንተስ ጥሩ ነህ?»

ሰውዬው ወደ ቆቡ እጁን ሰደደ፣ አወለቀው፣ መልሶ አደረገው። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። «ቆይ እስቲ» አለችው፤ «መጀመሪያ አለቃው ይመልስላት።»

ዳኑታ ወረቀቱን አንስታ ወጣች። ሰቨሪን «እመቤቴ! ወረቀቴን!» እያለ ተከተላት፤ እኔም ተከተልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እህቴ ሞኝ አይደለችም፤ ግን አልለቀቀችም። በመኪኖቹ መሃል አልፋ ሰዉ ቋሊማ ከብቦ ወደሚበላበት ደረሰች። ሁሉም ዞሮ አያት። አንዳንዱ እጁ ላይ የቀለም መለኪያ ይዟል፤ አንዱ ከመኪና ሥር ተኝቶ በባትሪ ሲያይ የነበረ ሰው ተጎትቶ ወጣና በጉልበቱ ተቀመጠ። ሰቨሪን ሊነጥቃት እጁን ዘረጋ፤ ሠላሳ ጥንድ ዓይን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ።

ፖስታዋን ከካፖርቷ አወጣች። በአንድ እጇ ገንዘቧን፣ በሌላው ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች። በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት የማላውቀው እህቴ ጮኸች፦

«ይኸው ገንዘቤ። ሙሉው ነው፣ ሦስት ሺህም እጨምራለሁ። እኔ ዛሬ መኪና መግዛት እፈልጋለሁ፤ ከሙት ሳይሆን ከሰው። ይህን ፊርማ ኤዋልድ ቴገለር እንዳልፈረመው እርስዎም እኔም እናውቃለን። አቶ ሰቨሪን፣ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ይመልሱልኝ፦ የፈረመው ማን ነው? ሻጩስ ማን ነው? ጮክ ብለው ይናገሩ!»